ዓሦቹ የማይታዩበት ገንዳ፦ አልጌን ያለ መድኃኒት ደረጃ በደረጃ ማስወገድ

ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ የሰፈራችን ልጅ ስልኩን ይዞ በሬን አንኳኳ። «ጋሼ፣ ዓሦቹ ጠፉብኝ» አለኝ። አልጠፉም። ፎቶው ላይ ያለው ውሃ ጎመን የተቀቀለበት ይመስላል። ከውስጡ አንዲት ቀይ ጭራ ብቻ ብቅ ብላለች። ልጁ ገንዳውን የገዛው መስከረም ላይ ነው። ሳሎን ውስጥ፣ የጠዋት ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ሥር አስቀመጠው። አሁን ጥር ነው። ደሴ በጥር ፀሐይዋ እንዴት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

«ምን መድኃኒት ልጨምርበት?» ነበር ጥያቄው። ከዓመታት በፊት እኔም ይህንኑ ጠይቄ መልስ አግኝቻለሁ። በዚያ መልስ ምክንያት ስድስት ዓሣ ጓሮ ቀብሬያለሁ። ታሪኩን በቦታው እነግራችኋለሁ። ለልጁ ያልኩት ግን ይህን ነው፦ ዛሬ ምንም አትጨምር። ዛሬ የምንቀንሰውን እንቀንስ።

አልጌ፣ በሳይንስ መጽሐፍ ዋቅላሚ የሚባለው፣ ከየትም ይመጣል። በውሃ፣ በተክል፣ በዓሣው ጀርባ፣ በአቧራም ይገባል። መግባቱን ማስቀረት አይቻልም። መባዛቱን ግን ማስቀረት ይቻላል። የሚያባዙት ብርሃንና ማዳበሪያ ናቸው። ማዳበሪያው ናይትሬትና ፎስፌት ነው። ሁለቱም የሚመጡት በአብዛኛው ከዓሣው ምግብና ከኩሱ ነው። መድኃኒት ዛሬ ያለውን አልጌ ይገድላል። የሞተው አልጌ ደግሞ በስብሶ መልሶ ማዳበሪያ ይሆናል። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና አረንጓዴ ነው።

ከዚህ በታች የምጽፈው ለጨዋማ ውሃ ሳይሆን ለተራ ውሃ ገንዳ ነው። መጠኑን 100 ሊትር ገደማ አድርጌ አስባለሁ። መስታወት ቤት ሄዳችሁ በሲሊኮን የምታሠሩት 80 በ35 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነው ማለት ነው።

መጀመሪያ የመጣባችሁን እወቁ

አልጌ ሁሉ አንድ አይደለም። ጣታችሁን ገንዳው ውስጥ አስገቡና መስታወቱን ከውስጥ በኩል ጥረጉት።

ቡናማ ዱቄት ሆኖ በአንድ ጊዜ ከለቀቀ ዲያቶም ነው። አዲስ ገንዳ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይመጣል። ጥረጉትና ተዉት። አብሽሩ፣ ገንዳው ሲረጋ ራሱ ይሄዳል።

ትንንሽ አረንጓዴ ነጠብጣብ ሆኖ በጣት አልለቅ ካለ ምላጭ ይፈልጋል። ምላጩን ወደ መስታወቱ አጋድማችሁ ፋቁት። ማዕዘን ላይ ያለውን ሲሊኮን እንዳትነኩት። ገንዳችሁ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ምላጭ ይጫጭረዋል፤ ስፖንጅ ይሻላል።

ውሃው ራሱ አረንጓዴ ከሆነ በብርጭቆ ቅዱና ከነጭ ወረቀት ፊት ያዙት። ብርጭቆው ውስጥ አረንጓዴ ከታየ አልጌው ተንሳፋፊ ነው። መስታወት መጥረግ ለዚህ አይረዳም። ውሃ መቀየርም ብቻውን አይበቃውም፤ የቀረው ጥቂት በቀናት ውስጥ ይባዛል። የዚህ መፍትሔ ጨለማ ነው፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

እንደ ጸጉር ረዝሞ በውሃው ፍሰት የሚወዛወዘው ክር አልጌ ነው። በእጅ ይለቀማል።

ቅጠል ጫፍና የፊልተር (የውሃ ማጣሪያው) አፍ ላይ እንደ ጥቁር ጺም የሚበቅለው ሌላ ነው። ምንም ጥቁር ቢመስል ወገኑ ከቀይ አልጌ ነው። ጥቂት ቆንጥራችሁ ፋርማሲ በሚሸጠው አልኮል ብትነክሩት ወደ ቀይ ይቀየራል። ከሁሉም ግትሩ እሱ ነው።

የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ሰማያዊ የቀላቀለ አረንጓዴ ሆኖ ጠጠሩን እንደ ወተት ስልባቦት ይሸፍነዋል። በጣት ስትገፉት እንደ ስልባቦቱ ተጠቅልሎ ይነሳል። እርጥብ ምድር ቤት ይሸታል። ይህ አልጌ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው፤ ሳይኖባክቴሪያ ይባላል። ውሃ የማይንቀሳቀስበትን ጥግ ይወዳል። ባክቴሪያ ስለሆነ አንቲባዮቲክ ይገድለዋል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ሊገድለው ይችላል። ግን ውሃችሁን የሚያጸዱላችሁን ባክቴሪያዎችም ሊጎዳ ይችላል። ለሰው የሚያስፈልገውን መድኃኒት ገንዳ ውስጥ መድፋትም መድኃኒት የለመዱ ጀርሞችን ያበዛል። እባካችሁ አታድርጉት።

ያው ዕለት፦ ምግብና መብራት

የመጣባችሁ የትኛውም ይሁን፣ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ነገር ታደርጋላችሁ።

ምግቡን ቀንሱ። በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቀውን ያህል ብቻ። በሳምንት አንድ ቀን ጭራሽ አትስጧቸው። ጤነኛ ዓሣ አንድ ቀን ቢጾም ምንም አይሆንም። ያን ልጅ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመግብ ስጠይቀው «እኔ ሁለት ጊዜ» አለኝ። እናቱ ግን ከበስተኋላ ሆነው «እኔም ጠዋት ጠዋት እሰጣለሁ፤ ሲያዩኝ ይመጡብኛል» አሉ። ትንሿ እህቱ ደግሞ ዳቦ ትፈረፍራለች። እንግዳ ሲመጣ ቆሎም ይወረወራል። አንድ ገንዳ አራት መጋቢ አለው ማለት ነው። ለዚህ የምመክረው ምግቡን በአንድ ሰው እጅ ማድረግ ነው። ስድስት ትንንሽ ወረቀት ጠቅልሉና የሳምንቱን ምግብ በየቀኑ ከፋፍላችሁ አስቀምጡ። የዕለቱ ወረቀት ባዶ ከሆነ ዓሦቹ በልተዋል። ክርክር የለም።

መብራቱን በቀን ወደ 6 ሰዓት አውርዱት። እኔ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት አበራለሁ። ቤተሰብ የሚሰበሰበው ያኔ ስለሆነ ዓሦቹም የሚታዩት ያኔ ነው። ሶኬት ላይ የሚሰካ ታይመር ካላችሁ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን አስተውሉ። በጥርስ የሚዞረው ታይመር መብራት ሲጠፋ ይቆማል። ሦስት ሰዓት ከጠፋ፣ ታይመሩ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በሳምንት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ከጠፋማ መብራቱ እኩለ ሌሊት ሲበራ ታገኙታላችሁ። በየሳምንቱ ከሰዓታችሁ ጋር አስተያዩት።

መስኮቱስ? ገንዳውን ማዞር ቀላል ይመስላል። 100 ሊትር ውሃ ግን ብቻውን 100 ኪሎ ነው። መስታወቱና ጠጠሩ ይጨመርበታል። ውሃ እንደያዘ አትግፉት፤ መገጣጠሚያው ይላቀቃል። ማዘዋወር ካልቻላችሁ ፀሐይ በሚመታው ጎን ከውጭ በኩል ጥቁር ወረቀት ለጥፉ። መጋረጃ ብቻውን አይበቃም፤ ስስ ነውና ብርሃን ያሳልፋል።

የእጅ ሥራው

ይህ የቅዳሜ ጠዋት ሥራ ነው። ሁለት ባልዲ፣ አዲስ የጥርስ ብሩሽ፣ ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ስፖንጅና ሁለት ሜትር ቀጭን ጎማ አዘጋጁ። የመብራቱን፣ የማሞቂያውንና የፊልተሩን መሰኪያ ንቀሉ። ማሞቂያ ከውሃ ወጥቶ እንደጋለ ከቀረ ይሰነጠቃል። እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ታጠቡና በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ቅባት፣ ሎሽን፣ ሽቶ ወደ ውሃው መግባት የለበትም።

ክር አልጌን አትጎትቱት። ስትጎትቱት ይበጠስና ቁርጥራጩ ሌላ ቦታ ሄዶ ያድራል። የጥርስ ብሩሹን መሐሉ ላይ አስገቡና በጣታችሁ ቀስ እያላችሁ አሽከርክሩት። ልክ እንዝርት ላይ ጥጥ እንደሚጠመጠመው ይጠመጠማል። እናቴ ስትፈትል እያየሁ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ይህ ሥራ ለእኔ ደስታ ነው። ሲሞላ ብሩሹን በቀጥታ አውጡና ባልዲው ውስጥ አለቅልቁት። ከዚያ እንደገና። ከአንድ ድንጋይ ላይ አንድ እፍኝ ሊወጣ ይችላል። ያ እፍኝ ናይትሬቱንና ፎስፌቱን በጉያው ይዞ ነው የሚወጣው። የእጅ ሥራ ከመድኃኒት የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ ማዳበሪያው ከገንዳው ጨርሶ ይወጣል።

ሊነሳ የሚችለውን ድንጋይ አውጡና ደጅ ፈግፍጉት። ከዚያ ፀሐይ ላይ አድርቁት። የጥር ፀሐይ ሁለት ቀን ይበቃዋል። ድንጋዩን አትቀቅሉት፤ ውስጡ ውሃ የያዘ ድንጋይ ሲቀቀል ሊፈነዳ ይችላል። በረኪናም ገንዳው አጠገብ አይምጣ።

የበሰበሰ ወይም ጥቁር ጺም የለበሰውን ቅጠል ከሥሩ ቁረጡ። አትዘኑለት። ተክሉ አዲስ ያወጣል።

ውሃውን መቀየር

ከእጅ ሥራው በኋላ ውሃው ይደፈርሳል። ብናኙ ሳይረጋ ጎማውን አስገብታችሁ ወደ ባልዲው ሳቡ። የጎማውን አፍ ጠጠሩ ላይ ተክላችሁ ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱት። ከጠጠሩ ሥር የሚወጣው ቡናማ ደለል የተረፈ ምግብና ኩስ ነው። ስትጨርሱ ከ100 ሊትሩ 25 ወይም 30 ሊትር ወጥቷል። በቃ። ሁሉንም አትቀይሩ። በአንድ ጊዜ ሁሉንም መቀየር ለዓሣው ድንገተኛ ነው።

የወጣውን ውሃ አትድፉት። ማዳበሪያ ነው አላልኩም? ለአሪቲው፣ ለጤና አዳሙ፣ ለጠጅ ሳሩ ስጡት። የኔ አሪቲ ከጎረቤት ሁሉ የሚለየው በዚህ ውሃ ነው።

የሚገባው ውሃ ዋዜማውን መዘጋጀት አለበት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይኖረዋል፤ ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ (መተንፈሻውን) ያቃጥላል። ዓርብ ጠዋት ባልዲ ላይ ቅዱና አፉን ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት። እስከ 24 ሰዓት ከቆየ፣ ይልቁንም አየር እየተነፋበት ከሆነ፣ ክሎሪኑ ይወጣል። ውሃ በተራ የሚደርሳችሁ ከሆነ ተራችሁ ሲመጣ ለገንዳው የሚሆን አንድ ጀሪካን ለይታችሁ አስቀምጡ። ጀሪካን ውስጥ እንደተከደነ የቆየ ውሃ ግን ክሎሪኑ በደንብ አይለቅም። ከመጠቀማችሁ በፊት ባልዲ ላይ ገልብጡት።

የደሴ የሌሊት ብርድ ባልዲውን ያቀዘቅዘዋል። ጠዋት የፈላ ውሃ ከማንቆርቆሪያ ጨምሩበትና በእጃችሁ ሳይሆን በቴርሞ ሜትር ለኩ። ከገንዳው ጋር ያለው ልዩነት ከ2 ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው። የቆርቆሮ ዝናብ ውሃ የሚጠቀሙ አሉ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያ አቧራ ያወርዳል። የኋለኛው ንጹሕ ቢሆንም ማዕድን ስለሌለው ብቻውን አይሆንም፤ ከቧንቧ ውሃ ጋር ቀላቅሉት።

ፊልተሩን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ስፖንጁን ከገንዳው በወጣው ውሃ ጭመቁት፤ በቧንቧ ውሃ በፍጹም። እዚያ ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የዓሣውን አሞኒያ ወደ ናይትሬት የሚቀይሩ ናቸው። ክሎሪን ከገደላቸው አሞኒያው ተጠራቅሞ ዓሣውን ይመርዛል።

ስለ መለኪያ

የናይትሬት መለኪያ ማግኘት ከቻላችሁ ከ20 ሚሊ ግራም በሊትር በታች እንዲሆን ጣሩ። የቧንቧውንም ውሃ ለኩ፤ አንዳንዴ ናይትሬቱ ከምንጩ ይመጣል። ግን ይህን እወቁ። ገንዳው በአልጌ ተሞልቶ መለኪያው ዜሮ ሊያሳይ ይችላል። ውሃው ንጹሕ ስለሆነ አይደለም። አልጌው የመጣውን ሁሉ ስለበላው ነው። ብዙ ሰው «ናይትሬቴ ዜሮ ነው፣ ታዲያ ምን በልቶ አደገ?» ይላል። በልቶ ጨርሶ ነው። መለኪያ የሌለው ሰውም ምንም አልጎደለበትም። ስንት ዓሣ እንዳለው ይቁጠር፤ የሚሰጠውን ምግብ ይይ። 100 ሊትር ውስጥ አሥር ጎልድፊሽ ያስገባ ሰው መለኪያ አያስፈልገውም። ጎልድፊሽ ትልቅ የሚሆንና ብዙ ኩስ ያለው ዓሣ ነው። መልሱ ግልጽ ነው፦ ዓሣው በዝቷል።

ለግትሩ ጥቁር ጺም

ፋርማሲ ሄዳችሁ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግዙ። ጠርሙሱ ላይ 3 በመቶ የሚል መሆኑን አንብቡ። ከዚያ የጠነከረ ከሆነ አትጠቀሙበት። አንድ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ያስፈልጋችኋል። ፊልተሩን አጥፉና ውሃው እስኪረጋ ጠብቁ። የሲሪንጁን አፍ ጺሙ ላይ አስጠግታችሁ ጠብ ጠብ አድርጉበት። ወዲያው ጥቃቅን አረፋ ይወጣበታል። አምስት ደቂቃ ጠብቁና ፊልተሩን አብሩ። ጺሙ በቀናት ውስጥ ወደ ሮዝ፣ ከዚያ ወደ ነጭ ይቀየራል፤ ቀንድ አውጣም ይበላዋል። ለ100 ሊትር ገንዳ በአንድ ቀን ከ20 ሚሊ ሊትር አትለፉ። ሰፊ ቦታ ከሆነ በየሁለት ቀኑ ከፋፍላችሁ ሥሩት።

ጨለማ ለሦስት ቀን

ለአረንጓዴ ውሃና ለዚያ ለስልባቦቱ የሚሠራው ይህ ነው። በመጀመሪያ በእጅ የሚወጣውን አውጡ። ውሃ ቀይሩ። ከዚያ መብራቱን አጥፉና ገንዳውን በወፍራም ብርድ ልብስ አልብሱት። ከላይ ለአየር ትንሽ ክፍተት ተዉ። ሦስት ሙሉ ቀን፣ ቢበዛ አራት። አትክፈቱ፣ አትመግቡ፣ ልጆች ጫፉን ገልጠው እንዳያዩ ንገሯቸው። ዓሦቹ ይችሉታል። ተክሎቹም ይችሉታል፤ የሚያልቅበት አልጌው ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አየር መንፊያው ለደቂቃም አይቆም። ሲገለጥ ውሃው ግራጫ ወይም ወተት የነካው ሊመስል ይችላል፤ የሞተው አልጌ ነው። ወዲያው ግማሹን ውሃ ቀይሩ። ግማሽ የምላችሁ እዚህ ላይ ብቻ ነው። የሞተውን ሳያወጡ መተው ሥራውን ሁሉ ያበላሻል።

ስለ ስድስቱ ዓሣ

አሁን ወደዚያ ልመለስ። ገንዳዬ እንደ ልጁ ገንዳ አረንጓዴ ሲሆን ከአንድ ሱቅ አልጌ ገዳይ የሚባል ጠርሙስ ገዛሁ። መሠረቱ መዳብ ነበር። «ማታ አድርግበት፣ ጠዋት መስታወት ይሆናል» አሉኝ። ማታ አደረግሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ተኝቻለሁ፤ አላወቅሁም። ጠዋት ስነሳ ውሃው በእርግጥ ጠርቷል። ሽታው ግን የበሰበሰ ጎመን ነው። ሁለት ዓሣ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ይተነፍሳሉ። ስድስቱ በጎናቸው ተኝተዋል። ቀንድ አውጣዎቹ ሁሉ ከጠጠሩ ላይ ተገልብጠዋል፤ መዳብ ለእነሱ መርዝ ነው።

ዓሦቹን የገደለው መዳቡ ብቻ አይመስለኝም። አየር ማጣት ነው። አልጌ ቀን በብርሃን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይወስዳል። ሲሞት ደግሞ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች የቀረውን ይጨርሳሉ። በዚህ ላይ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ ባሕር ጠረፍ ላይ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛል። ደሴ ላይ 6.7 ገደማ ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለው መመሪያ የተጻፈው ይህን ከፍታ አስቦ አይደለም። ኮምቦልቻ ያላችሁ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ስለምትሉ ትንሽ ይሻላችኋል። ግን ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፤ ሞቃት ውሃ ደግሞ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል።

ስለዚህ በወሎ ከፍታ ላይ ዓሣ የሚያረባ ሰው በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ ይኑረው። ከሌለውና መብራት ከጠፋ፣ በኩባያ ከገንዳው እየቀዳ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጎ መልሶ ያፍስስ። ውሃው ሲወርድ አየር ይዞ ይገባል። በየግማሽ ሰዓቱ ሠላሳ ኩባያ። እጅ ያደክማል፤ ግን በዚህ ዘዴ አንድ ሙሉ ሌሊት ዓሦቼን አድርሻለሁ።

አልጌውን የሚቀናቀን ተክል

ከሁሉ የምወደው ዘዴ የቤት ሐረግ ነው። ያ ልብ የሚመስል ቅጠል ያለው፣ በየሳሎኑ መጋረጃ ላይ የሚሳበው። አንድ ቅርንጫፍ ከአንጓው በታች ቁረጡ። አንጓው ውሃ ውስጥ እንዲሆን፣ ቅጠሉ ግን ከላይ አየር ላይ እንዲቀር አድርጋችሁ ገንዳው ጫፍ ላይ አስሩት። በሁለት ሳምንት ነጭ ሥር ያወጣል። ናይትሬቱን ከአልጌው እየቀደመ ይጠጣል። ቅጠሉ ውሃ ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል። ሦስት አራት ቅርንጫፍ ለ100 ሊትር ጥሩ ነው።

ተክል ፍለጋ ሐይቅ ወይም ቦርከና እንዳትወርዱ። ከዚያ የሚመጣ ተክል ቀንድ አውጣ ይዞ ይመጣል፤ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። በሽታው በአካባቢያችን የታወቀ ነው። በተቃራኒውም የገንዳችሁን ተክልና ቀንድ አውጣ ሐይቅ ውስጥ አትጣሉ። ጣና ላይ እምቦጭ በ2011 እ.ኤ.አ. ታየ ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ስንት እጅ ስንት ዓመት ሲነቅለው እንደኖረ ሁላችንም አይተናል። የተቆረጠ ተክል ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ ከአፈር ጋር ቅበሩት።

«አልጌ የሚበላ ዓሣ ልጨምር?» የሚል ጥያቄም አይቀርም። ጥቂት ቀንድ አውጣ መስታወት ላይ ያለውን ይልሳል፤ ጥሩ ነው። መስታወት ላይ የሚለጠፈው ትልቁ ዓሣ ግን ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል። ከሚበላው አልጌ ይልቅ የሚጨምረው ኩስ ይበዛል። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን የሐይቅን ታሪክ አስቡ። በ1978 እ.ኤ.አ. ቀረሶ ዓሣ ገባበት። ለምግብና ለገቢ ብዙ ጠቅሟል። ከዚያ ወዲህ ያጠኑት ሰዎች ግን ውሃው የቀድሞ ጥራቱን እንደቀነሰና ተንሳፋፊ አልጌው እንደበዛ ጽፈዋል። ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ሐይቅ በአንድ ዓሣ ጠባዩ ከተቀየረ፣ የኛ 40 ሴንቲ ሜትር ገንዳማ ምን ሊሆን ነው።

ከዚያስ

በመጀመሪያው ሳምንት ለውጥ ላታዩ ትችላላችሁ። በሁለተኛው መስታወቱ ቶሎ አይሸፈንም፤ በየሁለት ቀኑ ትጠርጉት የነበረው አምስት ቀን ይቆያል። ክር አልጌው በየቅዳሜው ጥቂት ጥቂት ይወጣል። በአራተኛው ሳምንት አዲስ የተክል ቅጠል ንጹሕ ሆኖ ከወጣ መንገዱን ይዛችኋል። አሮጌው ቅጠል ላይ ያለውን ሳይሆን አዲሱን ተመልከቱ። እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ አዲስ ነገር አትሞክሩ። ሦስት ነገር በአንድ ቀን የቀየረ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም። አንድ ደብተር ይኑራችሁ፤ ቀኑን፣ የወጣውን ውሃ፣ መብራቱ የጠፋበትን ሰዓት ጻፉበት።

ልጁ አሁን በሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ብርድ ልብሱን የገለጠው ማክሰኞ ነበር። ዓሦቹን ቆጠራቸው፤ አራት ናቸው። ትናንት በሥልክ «ጋሼ፣ መብራቱን በቀን ወደ 8 ሰዓት ልመልሰው?» አለኝ። ገና ነው አልኩት። ስድስት ሳምንት ሲሞላህ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እየጨመርክ ሂድ። ከፊልተሩ አፍ አጠገብ ያለችውን ድንጋይ እያት፤ ክሩ መጀመሪያ የሚታየው እሷ ላይ ነው። እሷ ላይ ከታየ የጨመርካትን ግማሽ ሰዓት መልሰህ ቀንስ።